ወላጆቻቸው የንግድ ድርጅት ላላቸው ተማሪዎች፦ ፋፍሳ እና ሲኤስኤስ ፕሮፋይል

በአሜሪካ የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ የሚሻ ተማሪ በቅድሚያ የሚሞላው የፌዴራሉን መንግሥት ቅጽ፣ ፋፍሳን ነው፤ በርካታ የግል ኮሌጆች ግን ከራሳቸው ካዝና ለሚሰጡት ድጋፍ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀውን ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለ ቅጽ በተጨማሪ ይጠይቃሉ። ወላጆቹ ግሮሰሪ ወይም ምግብ ቤት ላላቸው ልጅ የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ፋፍሳ በዚህ ጉዳይ አቋሙን ሲለዋውጥ ቆይቷል። ቀድሞ ከ100 ያልበለጡ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት፣ በቤተሰቡ ባለቤትነትና ቁጥጥር ሥር ያለ ንግድ እንደ ሀብት አይቆጠርም ነበር፤ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ይህ ቀርቶ ሁሉም እንዲመዘገብ ቢደረግም፣ በ2025 የወጣው ሕግ ከ2026–27 ጀምሮ የቀድሞውን አሠራር መልሶታል። ሆኖም ከንግዱ የሚገኘው ትርፍ ገቢ ስለሆነ ከስሌቱ አያመልጥም። ብዙዎች የሚያከራዩትን ቤትም እንደ ንግድ ያዩታል፤ ቅጹ ግን በአብዛኛው የሚቆጥረው እንደ ኢንቨስትመንት ነው።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። የንግዱን ዋጋና ዕዳ፣ የመኖሪያ ቤቱንም ዋጋ ይጠይቃል፤ ኮሌጆችም በግብር ሰነድ ላይ እንደ ወጪ የተቀነሰውን የዕቃና የሕንፃ እርጅና (በጊዜ ብዛት የሚቀንሰውን ዋጋቸውን) መልሰው በገቢው ላይ ሊደምሩት ስለሚችሉ፣ በወረቀት ኪሳራ ያሳየ ሱቅ ትርፋማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በእኔ ግምት ባለንግድ ወላጆችን ይበልጥ የሚያስደነግጠው ይህ ነው።

ፋፍሳን መሙላት በነጻ ሲሆን፣ ሲኤስኤስ የቤተሰብ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች በስተቀር ያስከፍላል።