ቦድጋያ ወይስ ሽራቫናቤላጎላ?

ሕንድ ሰፊ ናት። የቡድሂስቶቹ ቅዱስ ስፍራ ቦድጋያ በምሥራቅ፣ ቢሃር ውስጥ ነው። የጄይኖቹ፣ ማለትም ጄይኒዝም የሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ቅዱስ ስፍራ ሽራቫናቤላጎላ ደግሞ በደቡብ፣ ካርናታካ። ለአንዱ ብቻ ጊዜ ላለው ምርጫው ይከብዳል።

መንገድ፦ ቦድጋያ ይቀላል። አጠገቡ ጋያ ላይ አውሮፕላን ማረፊያም ባቡር ጣቢያም አለ። ሽራቫናቤላጎላ ከባንጋሎር 145 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነው።

ድካም፦ ቦድጋያ ሜዳ ነው። በሽራቫናቤላጎላ ግን አለቱ ላይ የተፈለፈሉ ከ600 በላይ ደረጃዎች በባዶ እግር ይወጣሉ። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ቀትር ላይ ግን ድንጋዩ እግር ይጠብሳል። በማለዳ ውጡ።

የሚታየው፦ ቦድጋያ ላይ ቡድሃ መንፈሳዊ ብርሃን አገኘበት ከሚባለው ዛፍ ዘር የመጣ ዛፍ አለ። ቅጠል ሲረግፍ ምእመናን ቶሎ ብለው ያነሡታል። ዛፉ ወዳለበት ቤተ መቅደስ ስልክ አይገባም፤ እሰየው ነው።

ሽራቫናቤላጎላ ጫፍ ላይ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተቀረጸው፣ ጄይኖች የሚያከብሩት የመናኙ የባሁባሊ ሐውልት ቆሟል። 17 ሜትር ይሆናል። ባሁባሊ በተመስጦ ብዙ ቆሟል ስለሚባል፣ ሐረግ እግሩና ክንዱ ላይ ተጠምጥሞ ተቀርጿል። ላሊበላን የሚወድ ሰው ከዚህ ቶሎ አይነቃነቅም።

እናቴን ይዤ ብሄድ ቦድጋያን እመርጣለሁ። ጉልበት ላለውና ግርግር ለሚሸሽ ግን ሽራቫናቤላጎላ ይሻላል፤ ቦድጋያ በብርዳቸው ወቅት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ በጣም ትጨናነቃለች።