በደብረ ማርቆስ አንድ የኅትመትና የጥረዛ ቤት

ባለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስጠረዝ በደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ አንድ የኅትመት ቤት ሄጄ ነበር። ትእዛዝ የሚቀበለው ወጣት መስማት የተሳነው ሲሆን፣ ደንበኛው የገጹን ብዛት፣ የሽፋኑን ቀለምና የመረከቢያውን ሰዓት በቅጽ ላይ ሞልቶ ስለሚሰጠው፣ በሌላ ቤት የለመድነው «ሰማያዊ ብዬህ አልነበር?» የሚል ጭቅጭቅ እዚህ የለም።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ገጽ የሚያመሳክረው፣ ኦቲዝም ያለበት ባልደረባቸው ነው። ጠረጴዛው ከማተሚያው ድምፅ ርቆ በጓዳ በኩል ተቀምጦለታል፤ ሥራው አንድ በአንድ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ የሚለወጥ ነገር ካለም አስቀድሞ ይነገረዋል። ከ120 ገጾቼ መካከል ተገልብጦ የገባውን 1 ገጽ ያገኘው እሱ ነው፤ እኔማ ሁለት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ።

ጉድለት አላጣሁበትም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው ምቹ እንዲያደርግ ግዴታ የሚጥልበት ሲሆን፣ ቤቱ በዚህ ረገድ ብዙ ቢራመድም፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሣው በዚያው በጸጥተኛው ጓዳ መስኮት ሥር ነው። የበሩ መወጣጫም ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች ደንበኛ ያለ ሰው እርዳታ መግባት አልቻለችም። የኅትመት ቤቱ ባለቤት ሁለቱንም በትዕግሥት አዳምጠውኝ ጄኔሬተሩን ወደ ጓሮ እንደሚያዛውሩት ነግረውኛል።

ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ጥቂት ወደድ ይላል፤ ጥረዛው ግን ጠንካራ ነው፤ የተረከብኩትም በተባለው ሰዓት ነው።