ቀጭን ጠርዝ ወይስ ወፍራም ጠርዝ? የቀድሞውና የዘመኑ የክሪኬት መምቻ ንጽጽር

ክሪኬት መጫወት የጀመሩ ወዳጆቼ የመጀመሪያ መምቻቸውን ለመግዛት ሲያስቡ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ጀርባው ለስላሳ ጉብታ ብቻ ያለውንና ጠርዙ የሳሳውን የቀድሞውን ቅርጽ ይግዙ ወይስ ጀርባው ያበጠውንና ጠርዙ ሁለት ጣት የሚያህለውን የዘመኑን? መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። መምቻውን በገዛ ገንዘቡ የሚገዛና ሲሰነጠቅም በገዛ ገንዘቡ የሚያስጠግን ሰው የቀድሞውን ቅርጽ ቢመርጥ ይሻለዋል። እዚህ አቋም ላይ የደረስኩት ከአንድ ወፍራም መምቻ ጋር ባሳለፍኩት አንድ የጨዋታ ወቅት ነው፤ ያ መምቻ ከአሮጌው ቀጭን መምቻዬ ዋጋ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል አስወጥቶኝ የአሮጌውን ዕድሜ ሩብ እንኳ ሳያገለግል ተሰናበተ።

የውፍረቱ አመጣጥ ዋጋውን ለመረዳት ስለሚጠቅም በአጭሩ ላንሳው። እ.ኤ.አ. በ1771 ቶማስ ኋይት የተባለ እንግሊዛዊ ተጫዋች ዊኬቱን፣ ማለትም ከመቺው ኋላ የተተከሉትንና ኳስ እንዳይነካቸው የሚጠብቃቸውን ዘንጎች፣ ሙሉ በሙሉ የሚከልል ሰፊ መምቻ ይዞ ወደ ሜዳ በመግባቱ የመምቻ ስፋት ከ4 ኢንች ከሩብ፣ ማለትም ከ10.8 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ይህ ልክ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የስፋት በር ሲዘጋባቸው ሠሪዎች ውሎ አድሮ ወደ ጀርባውና ወደ ጠርዙ ዞሩ፤ ውፍረትን የሚገድብ ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ አልነበረምና። ዛሬ ጠርዙ ከ4 ሳንቲ ሜትር፣ ጀርባው እጅግ በወፈረበት ቦታ ደግሞ ከ6.7 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ሕጉ ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠውን ልክ ሻጮች የጥራት ምልክት አድርገው ሲያቀርቡት እሰማለሁ፤ ጣሪያውን የነካ ሁሉ ጥሩ መምቻ የሆነ ይመስል።

ይሁንና ሁለቱን ቅርጾች ሚዛን ላይ ብናስቀምጣቸው አብዛኞቹ ከ1.1 እስከ 1.3 ኪሎ ግራም ባለው ክልል ውስጥ ያርፋሉ፤ ከዚያ የከበደውን ተራ ተጫዋች ኳሱ ከመድረሱ በፊት አንስቶ ማውረድ ይቸግረዋልና። ክብደቱ እኩል ሆኖ ግዝፈቱ ከበለጠ፣ ትርፉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው። አንዳንድ ጊዜ መምቻው የሚሠራበት የአኻያ እንጨት በተፈጥሮው እጅግ ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ከብዙ ግንድ መካከል ጥቂት ብቻ ስለሚገኝ ዋጋው ይሰቀላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንጨቱ ከልክ በላይ ይደርቃል፣ እንጨቱን በሚያጠነክረው መጭመቂያ ውስጥም በስሱ ብቻ ያልፋል፤ ይህም ኳሱን ገና ከመጀመሪያው ቀን ያስፈነጥራል፣ ነገር ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን በጀርባው አከርካሪ፣ ማለትም መሐሉን ይዞ ቁልቁል በሚወርደው ጉብታ፣ እና በጠርዙ መካከል ያለው እንጨት ተፈልፍሎ መውጣቱ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ወፍራም የሚመስለው መምቻ ጣት ሲሰዱበት መሐሉ ጎድጉዷል። የቀድሞው ቅርጽ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ እንጨቱ ከአከርካሪው እስከ ጠርዙ በእኩል እየሳሳ ስለሚወርድ መካከለኛ ክብደት ካለው አኻያም ጥሩ መምቻ ይወጣል።

በዋጋው ላይ ሌላም የሚጨመር ነገር አለ። ፊቱ ላይ ቁልቁል የሚወርዱት መስመሮች እያንዳንዳቸው የዛፉ የአንድ ዓመት ዕድገት ናቸው፤ መስመሮቹ ቀጥ ያሉና የበዙ፣ እንጨቱም ነጭና እንከን የለሽ ሲሆን ደረጃው ከፍ ይላል፣ ዋጋውም አብሮት ይወጣል። ደረጃው ግን በዋነኛነት የመልክ ነው። በአንደኛ ደረጃና በሦስተኛ ደረጃ መምቻ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ዕጥፍ በሚሆንበት ጊዜ፣ የምትታይ ቡናማ ነጥብ ወይም ያዘመመ መስመር ያለውን ሦስተኛውን በቀድሞው ቅርጽ መግዛት እኔ ካደረግኋቸው ግዢዎች ሁሉ የማልጸጸትበት ነው።

አሁን ወደ እጅ ስሜቱ ልምጣ። የቀድሞው ቅርጽ ሲነሳ ክብደቱ በቁመቱ ላይ ተሰራጭቶ ይሰማል፤ ኳሱን አለስልሶ ወደታች ለማሳረፍ፣ በእጅ አንጓ ወደ ጎን ለመምራትና ኳሱን ዘግይቶ ወደ ኋላ ቆርጦ ለመምታት ይታዘዛል። በትክክለኛው ቦታ ሲመታ እጅ ላይ ምንም አይሰማም፤ ከዚያ ቦታ ወጥቶ ሲመታም እንጨቱ ስላልተፈለፈለ ኃይሉ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው። የዘመኑ ቅርጽ ግን ሆዱ ከመሐል ዝቅ ብሎ ስለሚያብጥ ቁልቁል ሲወዛወዝ የመዶሻ ያህል ግፊት አለው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ወፍራም ጠርዝ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ክብደቱ ከመሐል መስመሩ ርቆ ስለሚቀመጥ ኳሱ ወደ ጠርዝ ተጠግቶ ሲያርፍ መምቻው በእጅ ውስጥ በቀላሉ አይዞርም፣ ሊሞት የነበረ ምትም አንዳንዴ ከድንበር ያልፋል። ሥራው ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ወደ ሰማይ መምታት የሆነ ሰው፣ በተለይም መምቻውን ሌላ የሚከፍልለት ከሆነ፣ ይህን ጥቅም ቢፈልግ አልቃወመውም።

የእኔ ወፍራም መምቻ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ሱቅ ውስጥ በአሮጌ ኳስ ሲነካ የሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅ አታለለኝ፤ ያ ድምፅ በስሱ የተጨመቀ እንጨት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያኔ አላወቅሁም። በደንቡ መሠረት ጥሬ የተልባ ዘይት በስሱ ቀባሁት፣ እንጨቱ ጠንክሮ ኳስ እንዲችል ለቀናት ፊቱንና ጠርዙን በእንጨት መዶሻ ከቀላል ወደ ጠንከር እያልኩ ደበደብኩት። በሦስተኛው ልምምድ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች፤ በሳምንቱ ስንጥቋ ከጀርባው ጉድጓድ ደረሰች። ጠጋኙ ሙጫ አፍስሶ፣ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ላዩን በክር ጠምጥሞ ሲመልስልኝ የጥገናው ሒሳብ አሮጌው መምቻዬ ከተገዛበት ዋጋ ግማሽ ደርሶ ነበር፤ መምቻውም ከበደ። የአሮጌው መምቻ ጠርዝም ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆ ያውቃል፤ ነገር ግን ከኋላው ሙሉ እንጨት ስላለ ስንጥቁ ሩቅ አልሄደም፣ ሙጫና ጥቂት ፕላስተር በቅተውት እስካሁን ይመታል። በኋላ የወፍራሙን ተለጣፊ ምልክት ለመቀየር ስልጠው ከሥሩ በሙሊት የተደፈነ የቋጠሮ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ምልክቱ ሲለጠፍ ቦታው በጥንቃቄ ተመርጦ ኖሯል።

የሐሰተኛ ቅጂም ጉዳይ ከቅርጹ ጋር የተያያዘ ነው። ተለጣፊ ምልክቶች ለብቻቸው ስለሚሸጡ የማንም ስም በማንም እንጨት ላይ ሊወጣ ይችላል። አስመሳዮች የሚመርጡት የዘመኑን ቅርጽ ነው፤ ግዝፈቱ ዓይን ይስባል፣ ከፍ ያለ ዋጋም ለመጠየቅ ያመቻል። ከእንግሊዝ አኻያ ይልቅ የሚከብደውንና የሚረክሰውን የካሽሚር አኻያ ወስደው፣ ጠርዙን ለመታየት ወፍራም ትተው፣ ክብደቱን ለማውረድ ጀርባውን አጥብቀው ይፈለፍሉታል። ፊቱ ላይ መከላከያ ነው ተብሎ ቀድሞ የተለጠፈ ሽፋን ካለ መስመሮቹን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ መምቻውን ገልብጦ የታችኛውን ጫፍ መመልከት ይገባል፣ የእንጨቱ መስመሮች እዚያ ይታያሉና። ጫፉም ተሸፍኖ ከተገኘ እኔ አልገዛም። እጀታውንም በእጅ መፈተን ያስፈልጋል፤ በደህና መምቻ ላይ እጀታው ከተጣበቁ የራታን ዘንጎች ስለሚሠራ በጥቂቱ ይለመጣል፣ በርካሽ ቅጂ ላይ ግን እንደ መጥረጊያ እንጨት ግትር ሆኖ እያንዳንዱን ምት እስከ ክርን ያደርሳል።

ሱቅ ውስጥ ሚዛን ብቻውን አያስተማምንም። እኩል የሚመዝኑ ሁለት መምቻዎች ሲነሱ እኩል አይከብዱም፤ ስለዚህ በላይኛው እጅ ብቻ ይዞ ቀጥ ያለ ምት ደጋግሞ መሞከርና እጅ ከመድከሙ በፊት ስንት ጊዜ እንደተነሳ መቁጠር ከሻጩ ቃል ሁሉ ይበልጣል። ያን ፈተና ያለፈ ቀጭን መምቻ ከተገኘ፣ ከወፍራሙ ዋጋ በተረፈው ገንዘብ የእንጨት መዶሻ፣ የተልባ ዘይት፣ እርጥበት እንዳይገባ የጫፍ መከላከያና ትርፍ የእጀታ ጎማ ይገዛል፤ ለመጀመሪያው ጥገና የሚበቃም ይተርፋል።