ቡልዳን እንወስዳችኋለን እያሉ የሚሸጡላችሁን «የሸማኔዎች ከተማ ጉብኝት» አትግዙ

ቱርክ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይ ለንግድ ኢስታንቡል ደርሳችሁ «እግረ መንገዴን ፓሙካሌን፣ ያንን ነጭ የፍል ውሃ ተራራ፣ አይቼ ልምጣ» የምትሉ፣ ይችን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳታወጡ። «ቡልዳን፣ የሸማኔዎች ከተማ፣ ሙሉ ቀን፣ ምሳን ጨምሮ» እየተባለ የሚሸጥ ጉብኝት አለ። እኛ የገዛነው በሰው 75 ዩሮ ነበር። ሸማኔ አላየንም። ከተማዋንም ያየናት ከመኪና ማቆሚያ ሆነን ነው።

የሸጠልንን ድርጅት በስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌላው ያንኑ ነገር በሌላ ስም ይሸጣል። አሠራሩን ማወቁ ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ቡልዳን በምዕራብ ቱርክ፣ በደኒዝሊ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከደኒዝሊ ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው በሙሉ የጨርቅ አገር ነው፤ የደኒዝሊ ፎጣና አንሶላ የትም ይሸጣል። ቡልዳን ደግሞ የምትታወቀው በስስና ጭምድድ ባለ የጥጥ ጨርቅ ነው። ክሩ ጠንከር ተደርጎ ከተከረረ በኋላ ይሸመናል። ሲታጠብ ይኮማተርና ያ ጭምድድ መልኩ ይወጣል። ካውያ አይፈልግም። ሻርፕ፣ ሸሚዝ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የሐማም (የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት) ፎጣ ይሠሩበታል።

የእኛ ሰው ወደዚያ የሚሄደው በሁለት ምክንያት ነው፤ ለበረከትና ለሸቀጥ። ፓሙካሌ ከጥንታዊቷ የሄራፖሊስ ከተማ ፍርስራሽ ጋር እዚያው ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐዋርያው ፊልጶስ በሰማዕትነት ያረፈው ሄራፖሊስ ነው የሚል የቆየ ትውፊት አለ። በዮሐንስ ራእይ ለብ በማለቷ የተወቀሰችው ሎዶቅያም አጠገቡ ናት፣ ቆላስይስም ሩቅ አይደለችም። መንፈሳዊ ጉዞ አዘጋጆች ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት ሲያስጎበኙ እዚህ ሳያድሩ አያልፉም። ሻጮቹ ይሄን ሁሉ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ለእኛ የተሸጠልን ኢስታንቡል፣ ላሌሊ በሚባለው የንግድ ሰፈር ነው። ላሌሊን የማያውቅ ነጋዴ የለም መቼም። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ደላላ አክስቴን ያዛት። አክስቴ ሽሮ ሜዳ ጨርቅ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት። «እትዬ፣ እዚህ የሚሸጥልዎት ሦስት እጅ ዞሮ የመጣ ነው፤ እኔ በቀጥታ ሸማኔው ቤት አስገባዎታለሁ» አላት። ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየን። ሽማግሌ ሸማኔ፣ የእንጨት መሣሪያ፣ ጠባብ የድንጋይ መንገድ። ግማሹን እዚያው ከፈልን። ደረሰኝ የተባለው በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ናት።

ደኒዝሊ ደርሰን በማግስቱ ጠዋት መኪናው መጣ። መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ድንጋይ ነው። አዎ፣ ድንጋይ። የኦኒክስ ማሳያ አዳራሽ ነው። አንድ ሰውዬ ድንጋይ ቆርጦ እንቁላል ሠርቶ አሳየንና ወደ ጌጣጌጡ ክፍል አስገባን፣ መውጫው በሌላ በኩል ነው። በመደርደሪያዎች መሐል ተጠማዝዞ ካልሄዱ አይወጣም። እዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። «ቡልዳን መቼ ነው?» ስንል «አሁን፣ አሁን» ይሉናል።

ቀጥሎ አውራ ጎዳናው ዳር ያለ ትልቅ የጨርቅ አዳራሽ። ጉብኝቱ ማለት በቃ እሱ ነው። ደጃፉ ላይ የተደረደሩትን አውቶቡሶች ስታዩ ነገሩ ይገባችኋል። መግቢያው ላይ አንድ የእንጨት የሽመና መሣሪያ ተተክሏል፤ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣበታለች። እኛ ስንገባ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና መወርወሪያውን ሦስት አራት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ላከችው። ሰው ፎቶ አነሳ። ፊታችንን ስናዞር ስልኳን መልሳ አነሳች። አክስቴ ግን ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነበር። ድሩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። ተሸምኖ ያለቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ስንወጣ ጎንበስ ብላ አየችውና «ስንመጣ ስንዝር፣ ስንሄድ ስንዝር» አለች።

ውስጥ ያለው ሻጭ እሳት የላሰ ነው። ሻይ አምጥቶ፣ እጅ ስሞ፣ «በእጅ የተሸመነ መቶ በመቶ ጥጥ» እያለ ሻርፑን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። አክስቴ በሁለት ጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። ከጫፉ አንዲት ክር መዘዘችና ክብሪት ጠየቀች። ደጅ ወጥተን ለኮስነው። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ይሄኛው ግን ቀልጦ እንደ ጥቁር ዶቃ ደደረ። ፖሊስተር ነው። ሻጩ ሲያይ ምንም አላፈረም። «ለእርስዎማ ሌላ መደርደሪያ አለኝ» አለ።

የዋጋ መለያው ደግሞ ተለጣፊ ላይ ተለጥፏል። የላዩን በጥፍር ፈቀቅ ስታደርጉት ከሥሩ ሌላ ቁጥር አለ፤ ያነሰ ቁጥር። ብዙው ዕቃ ደግሞ ጭራሽ መለያ የለውም፣ ዋጋው የሚወጣው ፊታችሁ ታይቶ ነው።

«ምሳን ጨምሮ» የተባለውም እዚያው አዳራሽ ጓሮ ነው። ሩዝ፣ ዶሮ፣ ሰላጣ። ውሃና ሻይ ለብቻው ይከፈላል፣ የዋጋ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ የለም። ቀኑ ዓርብ ነበርና ለጦመኞቹ የተረፈው ሰላጣ ብቻ ነው።

ወደ ቡልዳን የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ከተማው ጫፍ ቆመ። አስጎብኚ መሪያችን «ዛሬ ሸማኔዎቹ ዝግ ናቸው፣ ፎቶ አንሡና እንመለስ» አለን። ይሄን ሲለን ከጎናችን ካለው ቤት ምድር ቤት የሽመና ማሽን ቷ ቷ ቷ ይላል። ሁላችንም እየሰማነው ነው! «ይሄ ምንድነው ታዲያ?» ብንለው «የግል ቤት ነው፣ አይቻልም» አለ።

ሚስጥሩ ኮሚሽን ነው። መሪውና ሹፌሩ ሰው ይዘው አዳራሽ ሲገቡ ከሽያጩ ድርሻ አላቸው፣ ዋጋው ላይ የሚጫነውም እሱ ነው። እውነተኛው ሸማኔ ይሄን ድርሻ አይከፍልም፣ ከየት አምጥቶ? ስለዚህ እሱ ቤት መውሰድ ለእነሱ ኪሳራ ነው። ኮሚሽን መቀበሉ በራሱ አያናድደኝም፤ ደላላ በየአገሩ አለ። የሚያናድደው ከተማዋን ሸጠውልን ከተማዋን መደበቃቸው ነው።

ነጋዴዎች ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ቢሮ አለ። የጅምላ ገዢ መሆናችሁን ካወቁ ወደዚያ ያወጧችኋል። ናሙናው ቆንጆ ነው፣ እውነተኛ ጥጥ ነው። ከዚያ ሠላሳ በመቶ ቀብድ ዛሬውኑ አስገቡ፣ ዕቃው ኢስታንቡል ካርጎ ድረስ ይመጣላችኋል ይላሉ። አብራን የነበረች አንዲት የመርካቶ ነጋዴ «ሒሳቡ በማን ስም ነው?» ብላ ጠየቀች። የሰጧት የግለሰብ የባንክ ቁጥር ነው። «በድርጅቱ ስም ፕሮፎርማ ስጡኝ፣ የግብር ቁጥሩ ያለበት» ስትል ሰውየው ሻይ ልጨምርልሽ አለ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች። እናንተም እንደሷ አድርጉ። በግለሰብ ስም ቀብድ አታስገቡ፣ የናሙናውንም ቁራጭ ፈርማችሁና አስፈርማችሁ ከውሉ ጋር ያዙ።

በማግስቱ እኔና አክስቴ በራሳችን ሄድን። ደግሞ ቀላል ነው። ደኒዝሊ አውቶቡስ ተራ ትገባላችሁ፤ «ኦቶጋር» ይሉታል። ወደ ፓሙካሌም ወደ ቡልዳንም ሚኒባስ ከዚያው ይነሳል። ቡልዳን የሚለውን ተሳፍራችሁ ለሹፌሩ ትከፍላላችሁ። የሁለት ሰው ደርሶ መልስ ታሪፍ ከዚያ 75 ዩሮ ጋር ስሙ አይነሳም።

ከተማዋ ለቱሪስት ተብላ የተኳኳለች አይደለችም። እሱ ነው ደስ የሚለው። ሽማግሌዎች ሻይ ቤት ደጅ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ ሴቶች የክር ጥቅል ይዘው ከቤት ቤት ይሄዳሉ፣ ከየምድር ቤቱ የማሽን ድምፅ ይወጣል። በሩ ክፍት ከሆነ ቆም ብላችሁ «ኮላይ ገልሲን» በሉ፤ ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባል ሰላምታ ነው። እኛን አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ጠቅሰው አስገቡን። ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ ሰፍሯል። ማሽኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ያረጀ፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ። አክስቴ ቋንቋ አላስፈለጋትም። ድሩን አየች፣ ማጉን አየች፣ የተበጠሰውን ክር እንዴት እንደሚቀጥሉት አየች፤ ሰውየውም ገብታዋለች ብለው ማሽኑን አቁመው አሳዩዋት። ከዚያ ከማሽኑ የወረደ ልሙጥ ቁራጭ አንስተው ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ጨምቀው ሲዘረጉት ዓይናችን እያየ ተኮማተረ። ስፋቱም በደንብ ቀነሰ። ልብስ የምታሰፉበት ከሆነ ሳይታጠብ የተሸጠላችሁን አስቀድማችሁ ንከሩት፣ አለዚያ ለእናንተ ያሰፋችሁት ለልጃችሁ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቡልዳንም ቢሆን አብዛኛው ጨርቅ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ማሽን ነው። የእጅ መሣሪያው ጥቂት ነው። «ይሄ ሁሉ በእጅ የተሸመነ ነው» ብሎ ክምር የሚያሳያችሁን ሰው አትመኑ። የማሽኑም ጥጥ ግን ጥሩ ጥጥ ነው። አዳራሹ ውስጥ የጠሩልንን የመሰለ ሻርፕ፣ ያውም እውነተኛ ጥጥ፣ ገበያው ላይ ካለ ሱቅ በሲሶ ዋጋ ገዛን። ባለ ሱቁ ሳንጠይቀው ደረሰኝ ቆረጠ።

ምሳም ለእኛ ሆድ የሚስማማው ሠራተኛው የሚበላበት ቤት ነው። ምግቡ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይታያል፣ በጣት ጠቁሞ ማዘዝ ነው። ጦም ላይ ከሆናችሁ በወይራ ዘይት የተሠሩ የአትክልት ምግቦች አሏቸው፤ ቅቤና ሥጋ እንደሌለው ግን ጠይቁ። ጦም ካልሆነ ደኒዝሊ ስትመለሱ የታንዱር የበግ ጥብሳቸውን ቅመሱ። የሚበላው በእጅ ነው። አክስቴ ቱርክን የወደደችው ያኔ ነው።

አሁንም በአስጎብኚ መሄድ የሚፈልግ ይኖራል፣ በተለይ አቅመ ደካማ ይዞ የሚሄድ። እንዲህ አድርጉ። ቱርክ ውስጥ ጉብኝት መሸጥ የሚችለው ፈቃድ ያለው የጉዞ ወኪል ብቻ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 የወጣው 1618 ቁጥር ሕግ ይላል። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁና በወኪሎቹ ማኅበር፣ ቱርሳብ በሚባለው፣ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። መሪውም አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የሙያ መታወቂያ ሊኖረው ይገባል። የትኞቹ ሱቆች እንደሚቆም፣ ከተማው ውስጥ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ በጽሑፍ ይስጧችሁ። በዋትስአፕ ቢጽፉትም ማስረጃ ነው። ሙሉውን አትክፈሉ፣ የከፈላችሁትንም በካርድ ይሁን። የካርድ ማሽኑ ዶላር ወይስ ሊራ ብሎ ሲጠይቅ ሊራ በሉ፤ በዶላር ካላችሁ ምንዛሪውን እነሱ በሚፈልጉት ዋጋ ይመቱታል።

ዋጋ መለጠፍ ደግሞ ግዴታ ነው። 6502 የተባለው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መደርደሪያው ላይ የተጻፈውና ካሸሩ የጠየቀው ዋጋ ከተለያየ ለገዢው የሚጠቅመው ይጸናል ይላል። በማስታወቂያ የተነገረውን ያላሟላ አገልግሎትም እንደ ጎደሎ ስለሚቆጠር ዋጋ እንዲቀነስ መጠየቅ ይቻላል። የሸማቾች መስመር 175 ነው።

ቀድማችሁ ከከፈላችሁ አዳራሹ ውስጥ ምንም ሳትገዙ ቁጭ በሉ፣ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም። የተሰጣችሁን ማስታወቂያ ፎቶ፣ የቻቱን ቅጂና የቆማችሁበትን ቦታ ሰዓት ያዙ። በካርድ ከሆነ የከፈላችሁት አገራችሁ ስትመለሱ ለባንካችሁ ተከራከሩ። እኛ ቀሪውን ግማሽ አልከፈልንም። ደላላው ትንሽ ጮኸ፣ ጽሑፉን ስናሳየው ተወን።

በራሳችሁ የምትሄዱ ደግሞ በጠዋት ውጡ፣ እሑድን ተዉት፣ ዓርብ ቀትር ላይም ሰው ወደ መስጊድ ስለሚሄድ ከዚያ በፊት ድረሱ። ስትወርዱ ወደ ደኒዝሊ የሚመለሰው የመጨረሻው ሚኒባስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሹፌሩን ጠይቁና ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስጽፉት፤ 18 ብሎ ከጻፈላችሁ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።