የታሸገ «የጤፍ እንጀራ»፦ ስንዴና ገብስ አልስማማ ላለው ሰው ይሆናል?

በአሜሪካ የሐበሻ ሱቆች በላስቲክ ታሽጎ «የጤፍ እንጀራ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጤፍ ብቻ አይደለም። ገብስ፣ የስንዴ ዱቄት ወይም ሰልፍ ራይዚንግ (ማስነሻ የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) ይገባበታል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ እንጀራውም ሲጠቀለል አይሰነጠቅም። ለሚስማማው ሰው ችግር የለውም። በ40ም ሆነ በ50 ዓመቱ ሲሊያክ፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ፣ ለተገኘበት ሰው ግን (በሽታው በየትኛውም ዕድሜ ሊጀምር ይችላል) ያ ገብስ አንጀት መጉዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እዚህ ጣዕሙም ዋጋውም ሁለተኛ ነው።

ከፓኬቱ ፊት የተጻፈውን ትቶ ጀርባውን ማንበብ ነው። በአሜሪካ የአለርጂ ሕግ ስንዴ ተለይቶ እንዲጻፍ ግዴታ ነው፤ ገብስ ግን ግዴታው ውስጥ የለም። ማስጠንቀቂያው ስንዴ አለማለቱ ገብስ የለም ማለት አይደለምና የይዘት ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ገብስም ጎልቶ መጻፍ አለበት። «ግሉተን ፍሪ» (ግሉተን የሌለው) የሚለው ጽሑፍ በሁለቱም ዘንድ የሚለካው በአንድ ኪሎ ምግብ በ20 ሚሊግራም ግሉተን ገደብ ነው። ዝርዝር ያልተለጠፈበትን እንጀራ አለመግዛት ይሻላል።

በዓይን አይለይም። የነጣው እንጀራ ሩዝ ወይም በቆሎ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግሉተን የላቸውም። ጥቁሩ ደግሞ ጥቁር ጤፍ በገብስ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስበው እርሾውን ነው። ጋጋሪዋ «ይሄኛው ጤፍ ብቻ ነው» ስትል ዱቄቱን ማለቷ ነው፤ እርሾው ግን ከትናንቱ ቅልቅል ሊጥ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። መቡካቱ ግሉተኑን አያጠፋውም። «እርሾው ከየት ነው? ምጣዱስ ለብቻው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከአገር ቤት በፍቅር የተላከ ዱቄትም ያው ነው። የሰፈር ወፍጮ ስንዴና ገብስ ሲፈጭ ውሎ ጤፉን ቢቀበል ድንጋዩ ላይ የቀረው አብሮ ይወርዳል። ይህን ለእናት መንገር ቢከብድም መንገር ይሻላል።

ስለዚህ አስተማማኙ፣ «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የታሸገ የጤፍ ዱቄት ገዝቶ ቤት መጋገር ነው። እርሾ ከሌለ 2 ኩባያ ዱቄት በ3 ኩባያ ውኃ በጥብጦ ሦስት አራት ቀን ማቆየት፤ ከላይ ቢጫ ውኃ ሲያቀርና ሲኮመጥጥ ደርሷል። በእሱ የተቦካው ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ያቀረረው ውኃ ይደፋል። ንጹህ ጤፍ የሚበላሸው አብሲት ላይ ነው። አንድ ኩባያ ሊጥ በ3 ኩባያ የፈላ ውኃ እያማሰሉ እስኪወፍር ማብሰል፣ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሊጡ መመለስ። ጤፍ አየሩን የሚይዝለት ግሉተን ስለሌለው ያንን ሥራ የሚሠራው የበሰለው አብሲት ነው። ካነሰ ዓይን አያወጣም፤ በትኩሱ ከተጨመረ እርሾውን ይገድለዋል፤ ከበዛ እንጀራው ይጣበቃል። ሊጡ እንደገና ኩፍ ሲል ይጋገራል። ሳይበርድ መደራረብም ሆነ መጠቅለል አይገባም። በማግስቱ ይደርቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ትንሽ ማሞቅ ይመልሰዋል።

ስንዴ የተጋገረበት የሸክላ ምጣድ፣ ማሰሻው ጨርቅና ሰፌዱ ታጥበው አይጠሩም፤ አዲስ መግዛት ነው። የማያጣብቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በደንብ ከታጠበ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ምርመራ ሳይደረግ ስንዴና ገብስ ማቆም ስህተት ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ለግሉተን የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ ካቆሙ በኋላ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የስንዴ አለርጂ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከበሉ ብዙም ሳይቆይ ከንፈር የሚያሳብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ወዲያው መሄድ ነው።

ምግብ ቤት ሲኬድ ንጹህ የጤፍ እንጀራ ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ማዘዝን የሚጠይቁ ቤቶች አሉ። ሲያዙ ወጡ በሳህን ለብቻው እንዲቀርብ መንገር ነው፤ ከሌሎች ጋር በአንድ ትሪ ከተበላ የጎረቤት ጉርሻ ቅልቅሉን እንጀራ ይዞ ይመጣል።