ለከፍተኛ አይኪው ሰርተፊኬት ከመክፈላችሁ በፊት ሰንጠረዡን ጠይቁ

ሰሞኑን ገንዘብ ከፍዬ የከፍተኛ አይኪው ፈተና፣ ማለትም በጣም ከፍ ያለ የአእምሮ ብቃትን በቁጥር እለካለሁ የሚል ፈተና ወሰድኩ። 36 ጥያቄ ነው። የጊዜ ገደብም ተቆጣጣሪም የለውም። ሶስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ሠራሁትና 21 አገኘሁ። ሰርተፊኬቱ ላይ ግን 164 ተብሎ ተጽፏል። ደስ ብሎኝ ወዲያው ለእህቴ ላኩላት። እሷም «21ዱን ማነው 164 ያደረገው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ፋይሉን እስከ መጨረሻው ገጽ ሳገላብጥ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል አገኘሁት። ፈተናውን የወሰዱት 38 ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ 17ቱ ከዚህ በፊት ሌላ ፈተና ላይ ያገኙትን ውጤት ጽፈው ልከዋል። ጥሬ ነጥብን ወደ አይኪው የሚቀይረው ሰንጠረዥ የተሠራው በእነዚህ 17 ሰዎች ቃል ነው።

በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። የላኩትን ውጤት ማንም አላጣራም። ደግሞም ሶስት ፈተና የወሰደ ሰው የሚልከው ከፍተኛውን ነው፤ ዝቅ ያለ ውጤት ያገኘ ዝም ይላል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ገና ከመነሻው ወደ ላይ ያዘነብላል። የድሮው ፈተናም በዚሁ መንገድ የተሠራ ከሆነ ስህተቱ በስህተት ላይ ይደረባል።

እስቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው የዌክስለር የአዋቂዎች አይኪው ፈተና አራተኛ እትም ጋር አስተያዩት። መመዘኛው የተዘጋጀው በ2,200 ሰዎች ነው። ከ16 እስከ 90 ዓመት ያሉ ናቸው፤ በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት ደረጃ የአሜሪካን ሕዝብ እንዲመስሉ ተደርገው የተመረጡ። እያንዳንዳቸውን የፈተናቸው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። እንዲህም ሆኖ የሚሰጠው ትልቁ ውጤት 160 ነው።

ምክንያቱ ስሌቱ ውስጥ አለ። አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ልኬት) 15 ሲሆን ከ160 በላይ የሚያገኘው ከ30 ሺህ በላይ ከሆኑ ሰዎች አንዱ ብቻ ነው። ከ175 በላይ ደግሞ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ። እንዲህ ያሉ አስር ሰዎችን ከሕዝቡ በዕጣ ለማግኘት ስንቱ መፈተን እንዳለበት አስቡት። የጊነስ መዝገብ እንኳ «ከፍተኛው አይኪው» የሚለውን ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰርዞታል።

ሌላም አለ፤ መደበኛ ልይይቱን ሳታዩ ቁጥሩን አትመኑ። በ24 የተሰላ 148 እና በ15 የተሰላ 130 ደረጃቸው አንድ ነው። ሻጩ ትልቁን ቁጥር ብቻ ጽፎ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ልትከፍሉ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጻፉላቸው። ስንት ሰው ተፈተነ? እንዴት ተመረጠ? የተነጻጸረው ከየትኛው ፈተና ጋር ነው፣ ውጤቱስ በሰነድ ተረጋግጧል? ካድበሰበሱባችሁ ተዉት።

እኔ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ጠይቄ ነበር። በማግስቱ አዲስ ሰርተፊኬት ላኩልኝ። ሰንጠረዡ ተሻሽሏል አሉ። ያው 21 ነጥቤ አሁን 152 ሆኗል።