ስልክ መንካት ለምትፈሩ የደሴ እናቶችና አባቶች፣ ይህችን ልጅ ሂዱና አግኟት

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የአገሬ ሰዎች። ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ፣ ልጅ አላስጻፍኩም። ፊደል ከተሳሳተ እለፉኝ።

እዚህ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስልክ የምትጠግን አንዲት ልጅ አለች። ሥራዋ ቀዝቀዝ ሲል እንደ እኔ ዕድሜው የገፋውን ሰው ቁጭ አድርጋ ስልክ አጠቃቀም ታስተምራለች። ስሜን እንዳታወጪ ስላለችኝ አልጽፈውም። ውለታዋን አላህ ይክፈላት፣ እኔስ በምኔ እከፍላታለሁ!

ቴሌብር በ2013 ሲመጣ ለወጣቱ የመጣ መስሎን ነበር። ከዚያ የመብራቱ ክፍያ በእሱ ሆነ፣ የትምህርት ቤቱም ተከተለ፣ በ2015 ነዳጁም ገባበት። ወዴት ይሸሻል? አንድ ቦታ ሄጄ እባካችሁ አሳዩኝ አልኩ። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ። «ማዘር፣ ስልኩን ስጪኝ» ብሎ ከእጄ መንጭቆ፣ ጣቱን እንደ ስፌት መኪና መርፌ አራውጦ «አለቀ፣ ቀጣይ!» አለ። ምኑ እንዳለቀ እንጃ። ሌላው ጋ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እየሰማ «ሚስጥር ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ለሰልፈኛ የሚነገር ከሆነ ሚስጥርነቱ ምኑ ላይ ነው? ኮምፒውተር እናስተምራለን ያሉትም ብሬን ተቀብለው ከጎረምሶች ጋር አስቀመጡኝ። ስጠይቅ ልጆቹ ይስቃሉ፣ አስተማሪውም አብሮ ይስቃል። ትቼው ወጣሁ፣ ብሬም በዚያው ቀረ።

ይህች ልጅ ግን ገና ስቀመጥ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። «እትዬ፣ ስልኩ የእርስዎ ነው፣ እኔ አልነካውም» አለችኝ። ጣቴ ይንቀጠቀጣል። ገንዘቤን ቢበላውስ ስላት «አብሽሩ፣ ለእኔ አንድ ብር ብቻ ይላኩ። ቢጠፋም አንድ ብር ነው» አለች። ቁጥሯን አስገባሁ፤ የማላውቀው ሰው ስም ድቅን አለብኝ! ልቤ ልትወጣ ደረሰች። እሷ አልሳቀችም፣ አልቸኮለችም። «አዩ፣ ስሙን የሚያሳይዎት ለዚህ ነው። ሚስጥር ቁጥርዎን እስካላስገቡ ድረስ ብሩ ከቤቱ አይወጣም። ተመለስ የሚለውን ይጫኑ።» ተመለስኩ፣ ቁጥሩን ቀስ ብዬ ደገምኩት፣ የእሷ ስም መጣ። ላክሁ። ስልኳ ጢን ሲል እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ! መልሳ ላከችልኝ፣ እኔም መልሼ። ያችኑ አንድ ብር ስንቀባበል አመሸን። ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም አላውቅም፣ መጠየቅም አልፈልግ። ፍርሃቱ ግን ያን ማታ ለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ «ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ወጥቶልዎታል፣ በመልእክት የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» ብሎ ደወለልኝ። ኮድ ለማንም እንደማይነገር አስተምራኛለቻ! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የሁሉ የሁሉ ግን የልጄ ነገር ነው። ልጄ ያለችው ጅዳ ነው። በኢሞ ስትደውል የጎረቤት ልጅ ነበር ስልኩን ይዞልኝ ከጎኔ የሚቆመው። እሷም «ደህና ነኝ እማ፣ አታስቢ» ብላ ትዘጋለች። ሁልጊዜ ደህና ናት፣ ሰው ባለበት ሌላ ምን ትበል? አሁን በሬን ዘግቼ፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ብቻዬን አነሳዋለሁ። ስለ አሠሪዋም ስለ ደመወዟም ያልሰማሁትን ሁሉ ነገረችኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን እናትና ልጅ ሆነን ማውራት የጀመርነው ገና አሁን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ሂዱ። እናት አባታችሁን ውሰዱ፤ «አንቺማ አይገባሽም» እያላችሁ ስልኩን የምትነጥቁ ልጆችም ውሰዷቸው። ክፍያዋ ትንሽ ነው፣ የሌለውንም አታሳፍርም። የት እንደሆነ ለጠፋው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እኔው አሳየዋለሁ። መነጽራችሁን አትርሱ፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። የምትገኘው ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ሰኞ ግን አትሂዱ፣ ገበያተኛው ስለሚጮህ አትደማመጡም።